«ዲዝኒ ውስጥ ነው» ተብሎ ስለተሸጠልን ሆቴል

ኦገስት 29 ቀን 2025
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለጉዞ ወኪሉ ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ከተነገረን ውጪ ለሆነ የኦርላንዶ አካባቢ ሆቴል ያወጣነው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ፤

በዚህ ወር አጋማሽ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከአገር ቤት ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ዋልት ዲዝኒ ወርልድን ለማየት ፍሎሪዳ ሄደን ነበር። ሆቴሉን የያዛችሁልን እናንተ ናችሁ።

ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ስልክ ላነሳው ሠራተኛችሁ ሁኔታችንን በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ ስድስት ሰው ነን፣ መኪና አንከራይም፣ ጉዞው ፍልሰታ ላይ ስለሚውል እናቴ የጾም ወጥ የምትሠራበት ምድጃ ያስፈልጋታል። «አይዞሽ እህቴ፣ ዲዝኒ ውስጥ ነው። አውቶቡሱ ከደጃችሁ ያነሳችኋል፣ ልጆቹ ከሰው ቀድመው ይገባሉ፣ ኪችንም አለው» አለኝ። ይህንኑ በዋትሳፕ ጽፎልኛል፤ ቅጂውን አያይዣለሁ።

ሆቴሉ ዲዝኒ ውስጥ አይደለም። ከዲዝኒ ውጪ ባለችው በኪሲሚ ከተማ፣ 192 አውራ ጎዳና ዳር ነው፤ ዲዝኒም አያስተዳድረውም። ዲዝኒ ወርልድ አንድ መናፈሻ ቢሆን ኖሮ ይህ ያን ያህል ባላስከፋኝ ነበር። ቦታው ግን ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊዉድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የሚባሉት አራቱ ፓርኮችም ከኤፕኮትና ከሆሊዉድ ስቱዲዮስ በቀር ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር የሚያስኬዱ አይደሉም። ስለዚህ መኪና የሌለው ቤተሰብ ሆቴል ሲመርጥ ከአልጋው በፊት የሚያየው መጓጓዣውን ነው። ኮንቴምፖራሪ፣ ፖሊኔዢያን ወይም ግራንድ ፍሎሪዲያን በሚባሉት የዲዝኒ ሆቴሎች ያረፈ ሰው በሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ በሚሄደው ባቡር፣ ማጂክ ኪንግደም ይደርሳል። ፖፕ ሴንቸሪ ወይም አርት ኦፍ አኒሜሽን በሚባሉት ሆቴሎቹ ያረፈ ደግሞ ስካይላይነር በሚባለው፣ በአየር ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄድ መጓጓዣ ወደ ኤፕኮትና ወደ ሆሊዉድ ስቱዲዮስ ይሄዳል። ሌላው ቢቀር የዲዝኒ አውቶቡስ አለ፤ ማጂክ ኪንግደም በር ላይ ነው የሚያወርደው።

የኛስ? ሪሰፕሽኑ ላይ በክር የታሰረ እስክሪብቶና አንድ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ። ወደ ፓርኩ በሚወስደው የሆቴሉ መኪና (ሸትል) ለነገ ቦታ የሚይዘው እዚያ ላይ ስሙን የጻፈ ነው። መጀመሪያ ቀን ስንደርስ የጠዋቱ መስመሮች ሁሉ ሞልተው ከታች ሁለት ክፍት ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እኛ ስድስት ነን። ተሳክቶልን የተሳፈርን ጊዜም ያወረደን ፓርኩ በር ላይ ሳይሆን ቲኬት መቁረጫውና ትልቁ ፓርኪንግ ያለበት ጣቢያ ነው። ከዚያ እንደገና ተሰልፎ ሞኖሬል ወይም ጀልባ መያዝ ይቀራል። ማታ ደግሞ የመጨረሻው ሸትል የሚነሳው ርችቱ ሳያልቅ ስለሆነ ልጆቹ ርችት ይዩ ካልን በኡበር መመለስ ግድ ሆነ፤ ለስድስት ሰው ደግሞ ትልቁን መኪና ነው የሚጠሩት። ደረሰኞቹ ተያይዘዋል።

ቀድሞ መግባት የተባለውም እንዲሁ ነው። ከመደበኛው መክፈቻ 30 ደቂቃ ቀድመው የሚገቡት የዲዝኒ ሆቴል እንግዶችና በስም ተለይተው የተዘረዘሩ ጥቂት ሌሎች ሆቴሎች እንግዶች ናቸው። የኛ ሆቴል ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን የሰማነው ልጆቹን ገና ሳይነጋ ቀስቅሰን ከወሰድናቸው በኋላ፣ ከዲዝኒ ሠራተኛ አፍ ነው። ትንሹ ልጄ «ሰውዬው እንገባለን ብሎሽ አልነበር?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

ወደ ኪችኑ ልምጣ፤ ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። ክፍላችን ያለው ማይክሮዌቭና ከወገብ በታች የሆነች ፍሪጅ ነው። ምድጃ የለም፣ ድስት የለም፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መግባትም የተከለከለ መሆኑ በሩ ላይ ተለጥፏል። እናቴ ሽሮዋን፣ በርበሬዋንና እንጀራዋን ከሲልቨር ስፕሪንግ ቋጥራ ነበር የመጣችው። ሽሮውን በብርጭቆ ሳህን በጥብጣ ማይክሮዌቭ ውስጥ ብታስገባው ገንፍሎ ግድግዳውን ሁሉ አለበሰው፤ መሐሉ ግን ገና ጥሬ ዱቄት ነበር። ከዚያ በኋላ ጾሙን የያዘችው በእንጀራ፣ በቲማቲምና በሙዝ ነው። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን እላለሁ።

በነገራችን ላይ ኪሲሚ ማረፍ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። መኪና ያለው ቤተሰብ እዚያ ሙሉ ኪችን ያለው ቤት ተከራይቶ ከኛ በተሻለ ሊዝናና ይችላል። እውነቱን ብትነግሩን ኖሮ መኪና ተከራይተን ያንን ባደረግን፤ ወይም ጨክነን ፎርት ዊልደርነስ ያሉትን የዲዝኒ ካቢኖች በያዝን ነበር። ካቢኖቹ ስድስት ሰው ይይዛሉ፣ ምድጃ ያለው ሙሉ ኪችን አላቸው፣ ወደ ማጂክ ኪንግደምም በጀልባ ይኬዳል። ውድ ናቸው፤ ይወደድ አይወደድ ብሎ መወሰን ግን የኛ ፋንታ ነበር።

ሌላው የሪዞርት ፊ፣ ማለትም ሆቴሉ ከአልጋው ዋጋ በላይ የግድ የሚያስከፍለው ክፍያ፣ ጉዳይ ነው። የላካችሁልኝ ዋጋ «ሁሉን ያካተተ» ይላል፤ ሆቴሉ ስንገባ በየአዳሩ 38 ዶላር ጨምሮ አስከፈለን። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ የሆቴል ዋጋ የሚያስተዋውቅ ማንኛውም ድርጅት የግድ የሚከፈሉ ክፍያዎችን በጠቅላላ ዋጋው ውስጥ አካቶ እንዲያሳይ ያዛል። ሆቴሉን የምታስተዋውቁት እናንተ ናችሁና ይመለከታችኋል። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ ያለው «ነፃ የዲዝኒ ኤርፖርት አውቶቡስ»ም ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ የለም፤ የዲዝኒ ሆቴል ለያዘ ሰው እንኳ ቀርቷል። ኤርፖርት ቆመን ስንፈልገው የነገረን የታክሲ ሹፌር ነው።

የምጠይቀው የሪዞርት ፊው ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ማታ ሸትሉ ቀድሞ በመሄዱ ለኡበር ያወጣነው እንዲከፈለኝ፣ ለሆቴል ማስያዣ የወሰዳችሁት የአገልግሎት ክፍያም እንዲመለስ ነው። የፓርኩን መግቢያ ቲኬት አልጠይቅም፤ ተጠቅመንበታል። ከዚህ በተጨማሪ «ዲዝኒ ውስጥ» የሚለው ከዚህ ሆቴል ማስታወቂያ ላይ ይነሳ፤ መጪው የገና እረፍት ሳይደርስ ቢሆን መልካም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ይህንኑ ሆቴል ከናንተ ሊይዙ ያሰቡ እንዳሉ አውቃለሁና።

መልሳችሁን እስከ ሴፕቴምበር 15 በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ በስልክ «እናየዋለን» መባልን እንደ መልስ አልቆጥረውም። ካልሆነ የክሬዲት ካርድ ሒሳብ መግለጫው በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኬ የጽሑፍ መቃወሚያ አስገባለሁ፤ ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍልም አቤቱታዬን አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

ተያያዥ፦ የዋትሳፕ መልእክቶች፣ የሆቴሉ ደረሰኝ፣ የኡበር ደረሰኞች፣ የክፍሉ ፎቶግራፍ፣ በራሪ ወረቀታችሁ