ላንግታንግ ለሚሄድ ሰው ቁልቁለቱንም ንገሩት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኔፓሉ የላንግታንግ ሸለቆ የእግር ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሁለት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። አንደኛው፣ ሜዳ ላይ ደህና የሚሮጥ ሰው አይቸገርም ማለታችሁ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ መንገዱንም ሄጄበታለሁ። ሩጫ ልብና ሳንባን ያጠነክራል፣ አይካድም። ከመነሻው ከስያብሩቤሲ ላማ ሆቴል የሚባለው ማደሪያ ሰፈር እስኪደረስ ባለው ደን ውስጥ ግን ሜዳ ብርቅ ነው። ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,400 በላይ ይወጣል። ያውም በቀጥታ አይደለም፤ ሰው የወጣውን መልሶ ይወርዳል፣ የወረደውን እንደገና ይወጣል። ድንጋዩ በደረጃ መልክ ተደርድሯል። አንዱ እርከን ጉልበት ድረስ ይመጣል፣ ሌላው የጫማ ጫፍ አያሳርፍም። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ደግሞ አረንጓዴ ለብሶ ያንሸራትታል።

አብሮን አንድ ወጣት ሯጭ ነበር። ዳገቱን ሁላችንንም ጥሎን ወጣ። ስንመለስ፣ ወደ ላማ ሆቴል በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጭኑ እየተንቀጠቀጠ በጎኑ ነው የወረደው፤ ዛፍ ዛፉን እየያዘ። ትንፋሹ ምንም አልሆነም። ቁልቁለት ላይ የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሰውነትን ክብደት የሚይዘው። ይህን ሥራ ሜዳም ትሬድሚልም አያስለምዱትም።

ስለዚህ መሞከሪያው ደረጃ ይሁን። በሚሄድበት ጫማ፣ የሚይዘውን ቦርሳ አዝሎ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይውጣ፣ ይውረድ። ሲወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው ቀስ ይበል። ዋናው ፈተና ግን ያን ቀን አይደለም። የጡንቻ ሕመም የሚብሰው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በማግስቱ ያንኑ መድገም የቻለ ሰው እግሩ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ለታካሚዎቼ አንድ ተጨማሪ አለኝ፦ መስታወት ፊት፣ ዝቅ ያለ እርከን ላይ በአንድ እግር ቆሞ የሌላውን ተረከዝ ቀስ ብሎ መሬት ማስነካት። የቆመበት ጉልበት ወደ ውስጥ ከታጠፈ ወይም ዳሌው ከዘመመ፣ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ጥቂት ወር ማጠናከሪያ ይሥራ። ምርኩዝም ይያዝ። የሽማግሌ ነው ብሎ የሚያፍር ወጣት ብዙ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መርሐ ግብሩ ላይ ነው። አንድ ሌሊት ላማ ሆቴል፣ በማግስቱ ላንግታንግ መንደር ብላችኋል። መንደሩ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው። የመኝታ ከፍታ በአንድ ቀን 1,000 ሜትር ገደማ ጨመረ ማለት ነው። የተራራ ሐኪሞች ግን ከ3,000 ሜትር በላይ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ ይላሉ። 3,000 አካባቢ ባለው ጎዳ ታቤላ ማደር ይሻላል፤ ቀን ይፈጃል፣ ይፍጅ። ጉልበት ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ቶሎ ወጥቶ የሚታመመው ጎበዙ ነው። ራስ ምታት ላይ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተጨመረ እዚያው ማደር፣ ካልተሻለ መውረድ ነው። ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ መራመድ ያቃተው ሰው ግን እስኪነጋ አይጠብቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ተደግፎ ይወርዳል። የከፍታ ሕመም መከላከያው መድኃኒት አሴታዞላማይድም ያለ ሐኪም አይጀመርም፣ በተለይ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው።

ብቻዬን እሄዳለሁ ለሚል፣ ኔፓል እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የውጭ ሰው ፈቃድ ያለው መሪ እንዲይዝ ደንብ አውጥታለች። ደንቡ ባይኖርም እኔ እይዝ ነበር። የበቅሎ ቃጭል ሲሰማ የእኛው መሪ እጅጌዬን ስቦ ወደ ተራራው በኩል አስጠጋኝ። እኔ ፎቶ ላነሳ ገደሉ ጋ ነበርኩ። ጭነት የያዘች በቅሎ ሳታስበው ሰው ገፍታ ትጥላለች። ናዳ በሚወርድበት ቦታም አያስቆመንም ነበር፣ ውሃ ለመጠጣት እንኳ። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የላንግታንግን መንደር የቀበረው ከላይ የተናደው በረዶና ድንጋይ ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ዝናብ ደግሞ አልቅቱን ታግሶ መሄድ ይቻላል፤ ናዳውን ግን መታገስ አይቻልም።

የጉዞ ዋስትና የገዛም ውሉን ያንብብ። ከፍታ የሚገድብ ውል አለ፣ ለሄሊኮፕተር የማይከፍልም አለ።

እባካችሁ መርሐ ግብሩን እንደገና ስታወጡ፣ ከየማደሪያው ስም ጎን ከፍታውን ጻፉልን። ልዩነቱን አንባቢው ራሱ ያሰላዋል።

አንድ ፊዚዮቴራፒስት አንባቢያችሁ