ሁለት ጎማ ወይስ አራት?

ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና
ጥር 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎት። ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎን ብርዱ አልጠናበትም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእማዬና ለእህቶቼ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ባለፈው በስልክ «መኪና ክብ ሲዞር ተቀምጦ ማየት ምን ቁም ነገር አለው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ከኮምቦልቻ አሰብ ፊያት የነዱ ሰው እንዲህ ብለው ሲቀሩ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ናስካር የሚባለውን ይህን የአሜሪካ የመኪና ውድድር የወደድሁት እኮ በእርስዎ ምክንያት ነው።

ከሚሌ ወዲያ ያ ነፋስ ከፊት ሲገፋዎት ቀድሞ ከሚሄደው መኪና ጀርባ ተጠግተው ይነዱ እንደነበር፣ ሞተሩም ቀለል ይለው እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውተውኛል! እዚህም የሻምፒዮኖች መላ እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጁኒየር ጆንሰን የሚባል የዚሁ ክፍለ ሀገር ሰው በፍሎሪዳ ወዳለው የዴይቶና የውድድር ሜዳ ዘገምተኛ ሸቭሮሌ ይዞ ሄደ። በልምምድ ላይ ከፈጣኑ ፖንቲያክ ጀርባ ሲለጠፍ ነፋሱ ተከፍሎለት እኩል መሄድ እንደሚችል አየ፤ በዚያው ዘዴ ታላቁን ውድድር አሸነፈ። ሰውየው መንዳት የተማረው በሌሊት አረቄ በድብቅ ሲያመላልስ ነው። የናስካር ሥር መሠረቱም እንደርሱ ያሉት ሾፌሮች ናቸው። በ1949 እዚሁ ሻርሎት በተደረገው የመጀመሪያው ዋና ውድድር አንደኛ የወጣው ግሌን ደናዌይ መኪናው ከሥር ሲፈተሽ የኋላ ባሌስትራው ተለውጦ ተገኘ፤ አረቄ ጫኞች መኪናው ከክብደቱ የተነሣ እንዳይዘቀዝቅ የሚያደርጉት ዓይነት ሥራ ነበር። ድሉ ተነጥቆ ለሁለተኛው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። ስለዚህ የደንብ ክርክሩ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ጎማ ሲቀየር ቢያዩ ደግሞ! ባለፈው ግንቦት የ600 ማይሉን ውድድር ለማየት ገብቼ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር። መኪናው ገና ሳይቆም አምስት ሰዎች አጥሩን ዘለው ይወርዳሉ። አንዱ ክሪኩን ይዞ ይሮጣል፤ አንድ ጊዜ ሲጫነው የመኪናው ጎን ብድግ ይላል። እንደ እኛ አምስት ስድስት ዳዶ መፍታት የለም፤ ከ2022 ጀምሮ ቸርኬው መሐሉ ላይ በአንዲት ትልቅ ዳዶ ብቻ ነው የሚታሰረው። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ከባድ ጀሪካኑን በትከሻው ተሸክሞ ይቆማል። አራት ጎማ ተቀይሮ፣ ነዳጅ ገብቶ፣ መኪናው እስኪነሣ አሥር ሰከንድ ገደማ ነው። እርስዎና ረዳትዎ በዚያ ሐሩር አንድ ጎማ ለማውጣት በፌሮ ስትታገሉ የምትውሉትን አስቤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ከጥቅምት ወዲህ እንቅልፍ የነሣኝ እርሱ ነው።

ዴኒ ሃምሊን የምደግፈው ሾፌር ነው። እስከ 2025 የመጨረሻ ውድድር ድረስ ዕድሜው 44፣ ሃያ ዓመት የተወዳደረ፣ 60 ጊዜ ያሸነፈ፣ ነገር ግን አንድም ጊዜ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆኖ የማያውቅ ሰው። ደንቡ በመጨረሻው ውድድር ከቀሩት አራት እጩዎች መካከል ቀድሞ የገባው ዋንጫውን ይውሰድ ይል ነበር። ውድድሩ በአሪዞና፣ በፊኒክስ ነበር። ሃምሊን ከ319 ዙር 208ቱን መራ። ሦስት ዙር ሲቀረው የሌላው ሾፌር የዊሊያም ባይረን ጎማ ፈነዳና መኪናው ከግንቡ ጋር ተላተመ። ቢጫ ባንዲራ ወጣ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ቀንሶ ተሰለፈ፤ ጎማ ለመቀየርም ገባ። የሃምሊን ዋና መካኒክ ክሪስ ጌይል አራቱንም ቀየረ። የሌላው እጩ የካይል ላርሰን ቡድን ሁለት ብቻ ቀየረና ቀድሞ ወጣ። ውድድሩ ሲቀጥል ላርሰን አምስተኛ፣ ሃምሊን አሥረኛ ሆነው ተሰለፉ። የቀረው ሁለት ዙር ነው። ላርሰን ሦስተኛ፣ ሃምሊን ስድስተኛ ሆኖ ገባ። ያን ቀን አንድም ዙር ያልመራው ላርሰን ሻምፒዮን ተባለ።

ጌይልን አልወቅሰውም። መሪ ሆኖ የሚገባ ሰው ጭንቁ ይኸው ነው፤ አራት ከቀየረ ከኋላው ያሉት ሁለት ይቀይራሉ፣ ሁለት ከቀየረ አራት ይቀይሩና በአዲስ ጎማ ይደርሱበታል። እኔ ብሆን ግን ሁለት እቀይር ነበር። ዙሩ አንድ ማይል ብቻ ነው፤ በሁለት ዙር አዲሱ ጎማ አምስት መኪና አልፎ የጠፋውን ቦታ ለመመለስ ጊዜ የለውም። ላርሰንም አልበደለም፤ ደንቡ የሰጠውን ወሰደ። በደሉ የደንቡ ነው። ሥራ ቦታ አንድ የላርሰን ደጋፊ ጓደኛዬ «የዓለም ዋንጫስ በአንድ ጨዋታ አይደለም የሚያልቀው?» ይለኛል። የእግር ኳስ ፍጻሜ ላይ ግን ሜዳው ውስጥ ሁለት ቡድን ብቻ ነው ያለው። እዚህ ከሠላሳ በላይ መኪኖች አብረው ይሮጣሉ፤ የአንዱ ጎማ ሲፈነዳ የሌላው የዓመት ልፋት ገደል ይገባል።

ሃምሊን ሲነጠቅ የመጀመሪያው አይደለም። በ2022 በማርቲንስቪል ለፍጻሜው ሊያልፍ ሲል ሮስ ቻስቴይን በመጨረሻው ዙር መኪናውን ግንቡ ላይ ለጥፎ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ፣ አምስት መኪኖችን አልፎ ቦታውን ወሰደበት። እንዲያ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮህሁ። ቢሆንም ናስካር ከዚያ በኋላ ድርጊቱን መከልከሉ ትክክል ነው። ግንቡ የተሠራው ሰው ለማትረፍ ነው።

ደግሞ ዌንደል ስኮትን ላንሣልዎት። ታክሲ ነጂ የነበረ፣ መኪናውን በገዛ እጁ የሚጠግን ጥቁር ሰው ነው። በታኅሣሥ 1963 በጃክሰንቪል በሁለት ዙር በልጦ አሸነፈ፤ አሸናፊ ተብሎ የታወጀው ግን ባክ ቤከር ነበር። ቆጠራው ተሳስቶ ነው የተባለው ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ነው። ለቤተሰቡ ዋንጫ የተሰጠው በ2021 ነው፤ እርሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። የለፋ ሰው ዋጋውን በዕለቱ ካላገኘ ምን ያደርግለታል?

በዚህ ወር ግን ደስ የሚል ወሬ ሰማሁ። ናስካር ደንቡን ለወጠ። ከእንግዲህ 16 ሾፌሮች በመጨረሻዎቹ አሥር ውድድሮች የሚሰበስቡት ነጥብ ተደምሮ ሻምፒዮኑ ይለያል፤ በየመሐሉ ማባረር የለም፣ በአንድ ቀን ዕጣ መጣል የለም። ለእኔ የ36ቱም ውድድር ነጥብ ቢደመር ይሻል ነበር፤ ግን አሥሩም ከአንዱ ይሻላል። ዜናውን ሳነብ ለሃምሊን አንጀቴ ተላወሰ፤ ለእርሱ ሁለት ወር ዘገየበት።

ፖስታው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለች ጥቁር ነገር አለች። በዚያ በ600 ማይሉ ውድድር ላይ ከመኪኖቹ ተፍቃ በአጥሩ በኩል መጥታ ጭኔ ላይ ያረፈች የጎማ ፍርፋሪ ናት። ገና ትኩስ ነበረች። ሽታዋ እርስዎ ከጉዞ ሲገቡ ልብስዎ ይሸተው የነበረውን ነው።

ሁለት ወይስ አራት ይቀይሩ ነበር? እሑድ ስደውል ይንገሩኝ።

ልጅዎ