ጎርት ሴትዮዋን ሊገድላት አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እሑድ ስለ ድሮ የአሜሪካ ፊልሞችና ስለ «ገዳይ ሮቦቶቻቸው» ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። ጽሑፉስ ይሁን። ያንገበገበኝ ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ናት፦ «የብረት ጭራቁ ጎርት ሴትዮዋን ሊገድላት ተሸክሟት ሲሄድ።»

ለመሆኑ ጸሐፊያችሁ ፊልሙን አይቶታል? ወይስ ፎቶው በቃው?

«ዘ ዴይ ዚ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ክላቱ የሚባል እንግዳ ከሰማይ መጥቶ ዋሽንግተን ላይ ያርፋል። ለፕሬዚዳንቱ ያመጣውን ስጦታ ከጉያው ሲያወጣ አንድ የደነገጠ ወታደር ተኩሶ ያቆስለዋል። ሮቦቱ ጎርት ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም ያቀለጠው ጠመንጃና ታንክ እንጂ ሰው አልነካም። ኋላ ላይ ሁለት ሰው መግደሉን አልክድም። የሞቱትም ጥበቃ ላይ የቆሙ ወታደሮች ናቸው፤ ከከፋም መጀመሪያ ሊከፋኝ የሚገባው እኔን ነበር። ግን ያኔ ክላቱን ራሱን በጥይት ጥለውታል።

ሴትዮዋስ? ሄለን ክላቱ ያስተማራትን ቃል፣ «ክላቱ ባራዳ ኒክቶ» አለችው፣ ቀጥ አለ። አንስቶ መንኮራኩሩ ውስጥ አስገባት። ከዚያ ወጥቶ የክላቱን ሬሳ ሊያመጣ ሄደ። ይኼ ግድያ ከሆነማ አምቡላንስ የሚነዳ ሁሉ ይታሰር።

«የብረት» የምትለዋም አትዘለልም። ልብሱ የብር ቀለም የተቀባ ስፖንጅ ነበር። ሁለት ተሠርቶለታል፤ አንዱ ከፊት የሚታሰር፣ ሌላው ከኋላ። ካሜራው በዞረበት ማሰሪያው እንዳይታይ ነው። ውስጡ የነበረው ሎክ ማርቲን ይባላል። ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ፣ ሥራው የሆሊውዱ ቻይኒዝ ቲያትር በር ጠባቂ። ቁመት እንጂ ጉልበት አልነበረውም። ሄለንን ሆና የተጫወተችውን ፓትሪሺያ ኒልን መሸከም ስላቃተው በሽቦ ደግፈውለታል። እናንተ ጭራቅ ያላችሁት ሰው ያችን ሴት ማንሳት አቅቶት ነበር!

«አንተን ምን አገባህ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እዚሁ ዋሽንግተን በር ላይ ነው የምውለው፤ 11 ዓመቴ። እኔም ረጅም ነኝ። አምና ክረምት አንዲት ሴት ሻርፗን ጥላ ወጣች። አንስቼ «ማዳም! ማዳም!» እያልኩ ተከተልኳት። ዞር ብላ ቁመቴን ስታይ ጩኸቷን አቀለጠችው። በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረምኩ። አለቃዬ የጠየቀኝ «ለምን ተከተልካት?» ብሎ ነው። ሻርፑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ማንም አላየውም።

ስለዚህ እርማት እፈልጋለሁ። በዚያው ገጽ፣ ከዚያው ፎቶ ሥር። «በር ጠባቂው ሎክ ማርቲን፣ በሽቦ ታግዞ» በሉ።

ከዋሽንግተን፣ በር ላይ ካለ አንባቢያችሁ