ሚኒየቸር በነጠላ መሸጥ ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ከዚህ ወር ጀምሮ ሚኒየቸሮችን፣ ማለትም ለጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የሚያገለግሉትን ትንንሽ የወታደር ምስሎች፣ የምናዘጋጀው በነጠላ ሳይሆን ብዙዎቹ አብረው ከሚተከሉበት መቆሚያ ጋር፣ በየጦር ክፍሉ ለይተን ነው። ብዙዎቻችሁ «ምነው?» ስላላችሁን ምክንያቱን ልንጽፍላችሁ ወደድን።

አዳማ ያለው ሱቃችን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ አንዱን ምስል አንስቶ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ያየዋል። ጺሙ ሳይቀር የተቀረጸውን ይመርጣል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሁላችንም ቆመን ከላይ ነው የምናየው። ከዚያ ርቀት ፊት አይታይም። የሚታየው አቋቋማቸው፣ ጥግግታቸውና ቀለማቸው ነው። ስለዚህ «የትኛው ያምራል?» ከማለት በፊት «ይሄ ጦር ሜዳ ላይ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

አድዋን እንውሰድ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ጦር ወደ 17,700 ሰው ነበር። የእኛ ወገን ወደ 100,000 ይገመታል። አንድ ምስል 100 ሰው ይወክል ብንል እንኳ ለጣሊያን 177፣ ለኢትዮጵያ 1,000 ምስል ያስፈልጋል። ይህን 28 ሚሊ ሜትር ቁመት ባላቸው ምስሎች ልሥራ ያለ ሰው ብሩም፣ ጠረጴዛውም፣ ቀለም የሚቀባበት ጊዜም አይበቃውም። ለሙሉ ውጊያ 6 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ውሰዱ። 28 ሚሊ የሚያምርበት አንድ ምስል አንድ ሰው ሲሆን፣ ማለትም ለአነስተኛ ግጭት ነው።

በትናንሾቹ መጠኖች የምትቆጥሩት ሰዎቹን ሳይሆን መቆሚያውን ነው። ለምሳሌ የጣሊያኑን ጄኔራል የአልቤርቶኔን አስካሪዎች (ለጣሊያን የተሰለፉ የኤርትራ ወታደሮችን) በሁለት ረድፍ ጠጋ ጠጋ አድርገን እንተክላቸዋለን። ቀዩ ታርቡሽ ባርኔጣቸው ከሩቅ ያስለያቸዋል፤ ሻለቃቸውን ደግሞ የመቀነታቸው ቀለም ይናገራል። የኢትዮጵያ ተዋጊዎችን በዚያው ስፋት ባለው መቆሚያ ላይ ሳሳ አድርገን፣ ያለ ረድፍ እናቆማቸዋለን። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ተንበርክኮ ይተኩሳል፣ ነጭ ሸማ በብዛት ይታያል። የመቆሚያዎቹ ቁጥር ግን ከጣሊያን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህን ሲያዩ ማን እንዴት እንደሚዋጋ ደንቡን ያላነበበ ሰው እንኳ ይገባዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችሁ። ለአድዋ ጦርና ጋሻ ብቻ የያዙ ምስሎችን አትሰብስቡ። አብዛኛው ተዋጊ ጠመንጃ ነበረው፤ መድፍም ነበረን። ሠራዊቱን በሙሉ ጦር ካስያዝነው ያ ድል እንዴት እንደተገኘ ጠረጴዛው ላይ በውሸት እንናገራለን። ጋሻና ጎራዴው ጣል ጣል ይደረግ፤ ብዙው እጅ ግን ጠመንጃ ይያዝ።

የኢትዮጵያ ምስል ሲጠፋ የሱዳን መሐዲስቶችን (የመሐዲ ተከታይ ተዋጊዎችን) የሚተኩ አሉ። በ6 ሚሊ ማንም አይለየውም፣ ይሁን። በ28 ሚሊ ግን እራፊ የተጣፈበት ጂባቸው (ሰፊ ቀሚሳቸው) ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ አይሆንም። የሁለት አምራቾችን 28 ሚሊም በአንድ መቆሚያ ላይ አታቀላቅሉ። አንዱ እስከ ዓይን ይለካል፣ ሌላው እስከ አናት፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ልጅ ይመስላል።

ያ ጺሙ የተቀረጸው ቆንጆ ምስልስ? ለመሪው ይሁን። ራስ መኮንን፣ ራስ አሉላ፣ ራስ ሚካኤል፣ እቴጌ ጣይቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መቆሚያ ይገባቸዋል። ጎፈሩ፣ ለምዱ፣ የፈረሱ ጌጥ እዚያ ላይ ይውጣ። ጊዜያችሁን አፍሱበት፤ ያምርበታል።

የአዳማ ንፋስና አቧራ እንደምታውቁት ነው፤ ሁሉንም በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ጨርሰን እናስረክባለን። ቀጫጭን ሳንጃዎች በሙቀት ስለሚጎብጡ ወፈር ያሉትን እንመርጣለን።

ስታዝዙ የጠረጴዛችሁን ስፋት፣ የትኛውን ውጊያ እንደምትጫወቱና ስንት ሰው እንደምትሆኑ ንገሩን። ለጀመራችሁት ጦር የጎደለ ነጠላ ምስል ካለ እሱን እንደ በፊቱ እንሠራላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማው ሚኒየቸር ሱቃችሁ