የክበባት ዘገባ፦ የታሪካዊ ቁሳቁስ ስብስብ ክበብ መስመሩን አገኘ

በመጽሔታችን ላይ የኛ ክበብ ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት አንቀጽ ያልቃል። ዘንድሮ ሰፋ ያለ ቦታ የጠየቅሁት ልጆቹ የሠሩት ሥራ በሁለት አንቀጽ ስለማያልቅ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተፋፍገው የምታዩዋቸው ልጆች የኛ ናቸው። እስከ አምና ድረስ ያገኘነውን ሁሉ ነበር የምንሰበስበው። ሳንቲም፣ ቴምብር፣ የድሮ የብር ኖት፣ የተሰበረ ሬዲዮ ሳይቀር። ሣጥኑ ሞላ፣ እውቀቱ ግን አልጨመረም። ጎብኚ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲል አፉን ሞልቶ የሚመልስ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ መስከረም ላይ አንድ ነገር መርጠን እሱን ጠንቅቀን እንወቅ ተባባልን።

የሶቭየት ኅብረት ወታደራዊ ሜዳልያና ዓርማ የተመረጠው እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። የተማሪዎቻችንን ቤት ታውቁታላችሁ። የብዙዎቹ አያቶች በድሮው ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። በ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሶቭየት መሣሪያና አማካሪ በብዛት ወደ አገራችን ገባ። ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭን የመሰለ ከፍተኛ መኮንን ሳይቀር እዚህ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንትና ስንት ወጣት መኮንንና ቴክኒሻን ለትምህርት ወደዚያ ሄዷል። ሲመለሱ ያመጧቸው ነገሮች ዛሬም በየቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ አሉ።

ታዲያ «የሶቭየት ሜዳልያ እሰበስባለሁ» ያለ ሰው ገና ምንም አላለም። ነገሩ ባሕር ነው። «በጀርመን ላይ ለተገኘው ድል» የተባለው የ1945 ሜዳልያ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ተሰጥቷል። በ1943 የተቋቋመውን የድል ኒሻን ደግሞ ያገኙት ከ20 የማይበልጡ ሰዎች ናቸው። (በዚህ ዘገባ የሶቭየት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ መካከል በመቶ የሚቆጠር ዓይነት አለ። አንድ ሰው ሁሉንም ልያዝ ካለ ገንዘቡም ዕድሜውም አይበቃውም።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የጦፈው። አንደኛው ቡድን የከተሞቹን ሜዳልያዎች ፈለገ። የሌኒንግራድ፣ የኦዴሳ፣ የሴቫስቶፖልና የስታሊንግራድ መከላከያ ሜዳልያዎች በአንድ ቀን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1942 ነው የተቋቋሙት። በኋላ ሞስኮ፣ ካውካሰስ፣ የሰሜን ዋልታ አካባቢና ኪየቭ ተጨምረዋል። ቁጥራቸው የታወቀ ስለሆነ ስብስቡ መጨረሻ አለው፤ ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ቡድን ቀይ ኮከብ ኒሻን ላይ ሙጭጭ አለ። ምክንያታቸውን ሳልወድ አላልፍም። በ1930 የተቋቋመው ይህ ኒሻን በጀርባው ቁጥር አለው። በዚያ ቁጥር መነሻነት ባለቤቱ ማን እንደነበረና ለምን እንደተሸለመ ፖዶልስክ ከሚገኘው የመከላከያ ሚኒስቴር መዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል። ሦስተኛው ቡድን የማንጠልጠያውን ለውጥ ብቻ እናጥና አለ። እስከ ሰኔ 1943 ድረስ ሜዳልያ የሚንጠለጠለው በትንሽ አራት ማዕዘን ቀይ ሪባን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛሬ በፎቶ የምናውቀው ባለ አምስት ማዕዘን መጣ። የማንጠልጠያውን ቅርጽ አይቶ ዘመኑን መገመት ይቻላል።

እኔ የጠየቅኋቸው ጥቂት ነገር ነው። እዚህ አገር ይገኛል? አቅማችን ይችለዋል? እውነተኛውን ከአስመስሎው መለየት እንችላለን? ስለ እሱ እኛ ብቻ የምንናገረው ነገርስ አለን? ከውጭ ማዘዝን ከመጀመሪያው ነው የሰረዝነው። ብሩ ስለሌለን ብቻ አይደለም። በሩሲያ የመንግሥት ኒሻንና ሜዳልያ መሸጥና መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ማስገባት አልፈልግም።

የመጨረሻው ጥያቄ ነው መስመሩን ያስያዘን። የተመራቂዎች የደረት ዓርማ። ከሶቭየት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችና ወታደራዊ አካዳሚዎች የተመረቀ ሰው የሚሰጠው፣ በሒሳብ የምንማረው ሮምበስ ቅርጽ ያለው ዓርማ። ላዩ ኢናሜል (ብረት ላይ በእሳት የተጋገረ ባለ ቀለም መስታወት) ነው፣ የሶቭየት ኅብረት መንግሥት ዓርማ ተለጥፎበታል፣ ከጀርባው በብሎን ይታሰራል። በሰብሳቢዎች ዓለም ውድ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያዊ አድርጎት የመጣውን ግን ታሪኩን ከነባለቤቱ መመዝገብ የምንችለው እኛ ነን።

አሁን ወደ ቸርችል ጎዳናው ጉብኝት ልምጣ። የፖስታ ሙዚየሙን አይተን ስናበቃ በእግራችን የቅርሳቅርስ ሱቆቹን ዞርን። አንዱ ሱቅ ውስጥ ሽማግሌው ባለ ሱቅ ከመስታወቱ ሥር ቀይ ኮከብ አወጡልን። ዋጋውን ሲጠሩ ልጆቹ ተያዩ። አብራን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ አይቻት አላውቅም፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ የምትደነግጥ ልጅ ናት። ኮከቡን ተቀብላ ገለበጠችው። ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች። ተመልሳ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ኦሪጅናል አይመስለኝም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ የኔ ልጅ?»

«ቁጥር የለውም። ከጀርባው የተቀረጸ ቁጥር መኖር ነበረበት። የፋብሪካውም ጽሑፍ የለም። መሀል ላይ ያለው ወታደር ደግሞ ጠብመንጃው ከኮቱ ጋር ተጣብቋል፤ የቀለጠ ነው የሚመስለው።»

ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው ሲያዩት ቆዩ። ይቆጡ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከባንኮኒው ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና «እንግዲያው እነዚህን ለይልኝ» አሏት። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሌሎቹን ማዘዝ ጀመረች። የሶቭየቱ ክቡር ዘብ ጦር ዓርማ በዚህ፣ የፓራሹት ዘላዩ በዚያ፣ ሮምበሶቹ እዚህ። የፓራሹቱ ሥር የተንጠለጠለችው ቁጥር የዝላይ ብዛት መሆኗን ለባለ ሱቁ ስታስረዳ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንባዬን ነው የታገልኩት። ሰውየው ዛሬም አዲስ ነገር ሲገባላቸው ይደውሉልናል።

ሌላው ልጽፈው የምፈልገው የአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአያቱን ኮት ይዞ የመጣበትን ቀን ነው። አያቱ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የተመለሱ መካኒክ ናቸው። በኮቱ ቀኝ ደረት ላይ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ የምረቃ ዓርማ የሚደረገው በቀኝ በኩል ነው። ዓርማው ራሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ኢናሜል ተፈልጧል። ከጀርባ የሚያስረው ዳዶ ግን የራሱ አይደለም፤ አያትየው ጠፍቶባቸው ከጋራዥ ያመጡት የመኪና ዳዶ ነው። ሁለት ልጆች አውልቀን ትክክለኛውን እንፈልግለት አሉ። የቀሩት እምቢ አሉ። «እሳቸው ናቸው ያሰሩት» አለች አንዷ፣ በቃ፣ እንዳለ ተመዘገበ። ብዙ ዓመት የሰበሰቡ ሰዎች የማይደርሱበት ፍርድ ነው።

አንዳንድ ወላጆች የደርግ ዘመን ነገር ለልጆች ምን ያደርጋል ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄውን አከብራለሁ። በዚያ ዘመን ልጁን ያጣ ቤተሰብ እዚሁ ጎረቤታችን አለ። ልጆቹ ይህን እንዲያውቁ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አስጎብኝቻለሁ። ክበባችን ማንንም አያወድስም። ዕቃውን ይይዛል፣ ባለቤቱን ይጠይቃል፣ የሰማውን ይጽፋል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ የሚጠየቅ የለም።

የቀረው የተለመደው ነው። ስብሰባችን በፈተና ሰሞን ተቋርጧል፣ በሁለተኛው መንፈቅ የአባላት ቁጥር ቀንሷል፣ የሚኒ ሚዲያው ፕሮግራማችንም ሁለቴ ተሰርዟል። በወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ዐውደ ርእይ ጥሩ ተጎብኝቷል። ነገር ግን ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ስለሌለን ሰው አምኖ የሰጠንን ዕቃ በዚያው ቀን ማታ ለየባለቤቱ መለስን። የስፖርት ክበብ አዲስ ማልያ ሲገዛለት ከልብ ተደስተናል። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ አንድ ባለ መስታወት ሣጥን ከነቁልፉ፣ ሁለት ደህና አጉሊ መነጽር፣ የፎቶ ማተሚያ ወረቀት። ማመልከቻው ርዕሰ መምህሩ ጋ ከገባ ቆይቷል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲያየው እማጸናለሁ።

ለወላጆች ደግሞ፦ ዕቃችሁን ስጡን አላልንም። ለአንድ ዓርብ አውሱን፣ ፎቶ አንስተን፣ መዝነን፣ ታሪኩን ጽፈን እንመልሳለን። ባለቤቱ አብረው ቢመጡማ እሰየው፤ ወንበርና ሻይ አለን። ከመምጣታችሁ በፊት ግን እባካችሁ በአመድና በሎሚ እንዳታሹት። ብሩ ላይ የጠቆረው ዕድሜው ነው፣ ኢናሜሉም ይጫጫራል። ከነአቧራው አምጡት።