የሣራ ነገር

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ልቦለድ ነው ብልሽ ሳትስቂብኝ አትቀሪም። ሳቂ፣ ደስ ይለኛል። ጆን ፋውልስ በ1969 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) ያሳተመውን «የፈረንሳዩ ሌፍተናንት ሴት» አንብቤ ጨረስኩና የምሟገተው ሰው አጣሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1867፣ በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ፣ ላይም ሪጂስ በምትባል ትንሽ የባሕር ከተማ ነው። ያ ዓመት ለእኛ የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ያቀናበት ነው፤ እነሱ ቤት ግን ሌላ ወሬ ነበረ። ቻርልስ የሚባል፣ የጥንት እንስሳት ቅሪት ከድንጋይ ሲፈለቅቅ የሚውል የጨዋ ልጅ፣ ኤርነስቲናን፣ የሀብታም ነጋዴ ልጅ አጭቷል። ከእሷ ጋር ሲንሸራሸር፣ ወደ ባሕሩ ዘልቆ በገባው ግንብ ጫፍ ላይ ጥቁር ለብሳ የቆመች ሴት ያያል። ሣራ ናት። ለአንድ ፈረንሳዊ መርከበኛ ክብሯን ሰጥታ፣ እሱ ጥሏት ሄደ ተብሎ ከተማው ጣቱን ይቀስርባታል። ሚስስ ፖልትኒ የሚባሉ ባልቴት ለነፍሳቸው ጽድቅ ብለው አስጠግተዋታል፤ ሲያስጠጓትም እያሠቃዩ ነው። እንዲህ ያሉ ሴትዮ እኛም ሠፈር አላጣንም።

ቀሪውን ሳልነግርሽ አላልፍም። በኋላ ቻርልስ ኤክስተር ከተማ ሆቴል ውስጥ አብሯት ሲተኛ፣ ድንግል ሆና ያገኛታል። መርከበኛው ነክቷት አያውቅም! ያን ሁሉ ውርደት በገዛ አፏ የፈጠረችው ራሷ ናት። በልቦለዱ ያለው ሐኪም የአእምሮ ሕመም ነው ባይ ነው። እኔ አልቀበለውም። የገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ከአቅሙ በላይ አስተምሯት በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆና ተቀጥራለች። ለገበሬ ባል ትምህርቷ በዛ፣ ለጨዋ ባል ድህነቷ በዛ። ስሟ ከጠፋ በኋላ ግን ማንም አይመርጥላትም፣ ማንም አይመክራትም። እኔ እንደገባኝ ሐሜቱን አጥር አድርጋ ቀጥራዋለች።

አጥሩ ለምን እንዳስፈለጋት የዚያን ዘመን ሕግ ስታዪ ይገባሻል። ያገባች ሴት ሠርታ ያገኘችው ደመወዝ የባሏ ነበር፤ የራሷ እንዲሆን የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1870 ነው፣ ለሌላው ንብረቷ ደግሞ እስከ 1882 መጠበቅ ነበረባት። በ1857 የፍቺ ሕግ ለባል የሚስቱ ማመንዘር ብቻ ይበቃዋል፤ ለሚስት ግን የባሏ ምንዝር ላይ ጭካኔ ወይም ጥሎ መጥፋት ወይም ሌላ ከባድ በደል መታከል አለበት። በዚያው በ1867 ግንቦት ላይ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ሴቶች ይምረጡ ብሎ ፓርላማ ውስጥ ቢከራከር 73 ደገፉት፣ 196 ተቃወሙት። እኔን የገረመኝ 73ቱ ነው፤ አሥርም የሚያገኝ አይመስለኝም ነበር።

ለሣራ ብሎ ኤርነስቲናን የተወው ቻርልስም ቢሆን በቀላሉ አልወጣም። እጮኛን ጥሎ መሄድ ፍርድ ቤት ያስቆም ስለነበር፣ የኤርነስቲና አባት ጠበቆች ጥፋቱን የሚያምንበት ወረቀት አስፈርመው አዋረዱት። ሣራ ደግሞ ጠፋችበት።

ደራሲው ሦስት መጨረሻ ነው የሰጠን። በአንዱ ቻርልስ ሣራን ትቶ እጮኛውን ያገባል፤ ግን ይህ የቻርልስ ሐሳብ ነበር ብሎ ራሱ ደራሲው ያፈርሰዋል። በሁለተኛው ከዓመታት በኋላ ለንደን፣ ሠዓሊው ሮሴቲ ቤት ያገኛታል፤ ልጃቸውን ታሳየዋለች፣ ይታረቃሉ። ከዚያ ደራሲው ጺማም ሰውዬ ሆኖ ብቅ ይልና ሰዓቱን ሩብ ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ ሦስተኛውን ይጀምራል፤ እዚያ እሷ ጋብቻውን አትፈልግም፣ እሱ ብቻውን ይወጣል።

እኔ ሦስተኛውን ነው የወደድኩት። ያናደደኝ ሌላ ነው፦ የቻርልስን ልብ ገልጦ ገልጦ ያሳየናል፣ የሣራን ግን ይደብቀናል። ምስጢሯን ማክበሩ ነው? ወይስ ወንድ ደራሲ ሴት ልብ ውስጥ መግባት ከብዶት፣ ድካሙን ነፃነት ብሎ ሰየመልን? አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ይመስለኛል። በዚህ ላይ አንቺ የምትይውን መስማት እፈልጋለሁ፤ ያለ ይሉኝታ።

መጽሐፉን እህቴ ስትመጣ እልክልሻለሁ። መጨረሻውን ነገረችኝ ብለሽ አትቆጪ፣ አንቺ መቼም ልቦለድ የምትጀምሪው ከኋላ ነው። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መልስሽ ደግሞ በስልክ አይሁን፣ ረዘም አድርገሽ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ