ለሂንዲ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ምን አመጣው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሂንዲ መማር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጎረቤታችን ህንዳዊ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው እኛ ቤት እየመጡ ከእናቴ ጋር ቡና ይጠጣሉ፣ ግን ሁለቱ የሚግባቡት በእጅና በሳቅ ነው። እኔ ላስተርጉም ብዬ ገባሁበት።

ስልኬ ላይ ያወረድኩት ማስተማሪያ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። በሂንዲ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ተጠንቀቁ እያለ ያስፈራራል። እኛ ጋ ታዲያ የት ነው የሚመጣው? እኔም ሞኝ ሆኜ የማስበውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ገልብጬ ወደ ሂንዲ ስወስድ ከረምኩ።

የነቃሁት አንድ ቅዳሜ ነው። ወይዘሮዋ አቦሉ ሳይቀዳ ሊሄዱ ሲነሱ እናቴ "ኧረ ቡና ጠጥተው ይሂዱ!" አለች። አፌ ላይ የመጣልኝ "ኮፊ ፒከር ጃኢዬ" ነው። ኮፊ ቡና፣ ፒከር ጠጥተው፣ ጃኢዬ ይሂዱ። በዚያው ቅደም ተከተል፣ አክብሮቱ እንኳ ሳይጎድል! ተመልሰው ቁጭ አሉ፣ በረካውንም ጠጥተው ነው የሄዱት።

"ራበኝ"ም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው "እኔ ረሃብተኛ ነኝ" ዓይነት ነገር ይላል፤ ሂንዲው ግን "ሙጄ ቡክ ለጊ ሄ" ነው፣ ረሃቡ ነው መጥቶ የሚይዘኝ። "ቱ"፣ "ቱም"፣ "ኣፕ" የሚባለው የአክብሮት ደረጃም አንተና አንቱ ለለመደ ሰው ብርቅ አይደለም። በአፋን ኦሮሞም ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጅማ ላይ ሁላችንም ግማሹን መንገድ ሄደናል።

ቀላል ነው አላልኩም። "እሄዳለሁ" ስንል ወንዱም ሴቷም አንድ ነን፤ በሂንዲ ግን ወንድ "ጃታ ሁ"፣ ሴት "ጃቲ ሁ" ትላለች። እኔ ከወይዘሮዋ እየሰማሁ ስለምደግም ሳምንቱን ሙሉ ሴት ሆኜ ሰነበትኩ፣ መምህሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ። "ኻና" ምግብ ነው፤ ትንፋሹን ከረሳችሁት "ካና"፣ አንድ ዓይና ይሆናል። "ከል" ደግሞ ነገም ነው ትናንትም፣ የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ከግሱ ነው (ለቀጠሮ አይመችም)።

በአማርኛ የተጻፈ የሂንዲ መነጋገሪያ መጽሐፍ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ አንባቢ ካለ በዚሁ ዓምድ ይጠቁመኝ። እዚህ መጻሕፍት ቤቶቹን ዞሬ ያገኘሁት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ